ራስ ወልደ ሥላሴና የሰንጠረዥ ጨዋታ

የታላላቅ ሰዎችን የሕይወት ታሪክ የሚጽፍ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የዘመቱባቸውን ዘመቻዎች፣ የተሾሙባቸውን ሹመቶችና ያሠሯቸውን አብያተ ክርስቲያናት ቈጥሮ ያልፋል። እኔም ስለ ራስ ወልደ ሥላሴ ስጽፍ ይህን ሁሉ አላስቀርም። ነገር ግን ከሁሉ አስበልጬ የምቈይበት አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም የሰንጠረዥ ጨዋታቸው ነው። የዛሬ ተማሪ ሰንጠረዥ ሲባል በሒሳብና በጂኦግራፊ ደብተሩ ላይ የሚያሰምረውን ባለ መስመር ሰሌዳ ብቻ ያስባል። የቀድሞ አባቶቻችን ግን በዚህ ስም የሚጠሩት ዛሬ ቼዝ የምንለውን ጨዋታ የሚመስል፣ ነገር ግን የራሱ ሕግ ያለው የአገራችን ጨዋታ ነበራቸው።

የወለጋ ተማሪ ሆነህ ስለ ትግራይ መስፍን ለምን ትጽፋለህ ለሚለኝ ሰው መልሴ አጭር ነው። ታሪክ የተወለደበት ቦታ አለው እንጂ አጥር የለውም፤ ትምህርቱም ለሚያነበው ሁሉ ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውልልኝ እለምናለሁ።

ራስ ወልደ ሥላሴ የእንደርታ ሰው ሲሆኑ አባታቸው ደጃዝማች ክፍለ ኢየሱስ ይባላሉ። ወጣትነታቸው የራስ ሚካኤል ስሑል ዘመን ነበር። ራስ ሚካኤል በ1769 ዓ.ም. ዐፄ ኢዮአስን አስገድለው ሌላ ንጉሥ በጐንደር ዙፋን ላይ ያስቀመጡ ብርቱ ሰው ናቸው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ንጉሡ በስም፣ መስፍኑ ግን በሥራ የሚገዛበት ዘመነ መሳፍንት ተባለ። በእንዲህ ያለ ዘመን ከታወቀ ቤት ተወልዶ ጐበዝ ሆኖ መገኘት ራሱ አደጋ ነበር፤ ስለዚህም ወጣቱ ወልደ ሥላሴ ከራስ ሚካኤል ፊት ሸሽተው በስደትና በሽፍትነት ኖሩ።

ሄንሪ ሶልት የተባለው እንግሊዛዊ ስለዚህ ጊዜ የሰማውን እንዲህ አድርጎ ተርኮታል። ወልደ ሥላሴ ከተቃራኒው ጦር ማናቸውም ሁለት ሰዎች ተመርጠው ቢመጡ ብቻቸውን እንደሚገጥሟቸው አስታወቁ። ራስ ሚካኤልም በጀግንነታቸው የታወቁ ሁለት ሰዎች ላኩባቸው። ወልደ ሥላሴ በፈረስ ላይ ሆነው ሁለት ጦር በአንድ ጊዜ መያዝ የሚችሉ ነበሩና ሁለቱንም በእጃቸው ገደሉ ይባላል። በኋላም በሕይወታቸው ከ40 በሚበልጡ ውጊያዎች እንደ ተሰለፉ ይኸው ሰው ጽፏል። በአካላቸው ግን ትንሽና ቀጭን፣ በነገራቸውም ፈጣን ነበሩ እንጂ ግዙፍ አልነበሩም።

ራስ ሚካኤል ከሞቱ በኋላ ወልደ ሥላሴ ደረጃ በደረጃ ከፍ እያሉ ሄደው፣ ከ1790 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ እስከ ሞቱበት እስከ 1816 ዓ.ም. ድረስ ትግራይን ገዙ። መቀመጫቸው ሕንጣሎ ሲሆን በጨለቆትም ቤት ነበራቸው፤ በዚያም የሥላሴን ቤተ ክርስቲያን አሠርተዋል። የኃይላቸው ምንጭ ሁለት ነበር። አንደኛው በአገር ውስጥ እንደ ገንዘብ የሚያገለግለው አሞሌ ጨው በእንደርታ በኩል ማለፉ ነው። ሁለተኛውም በምጽዋ ወደብ የሚገባው ነፍጥ ከሌላው አገር ይልቅ አስቀድሞ በትግራይ እጅ መውደቁ ነው።

በዚያው ጊዜ በጐንደር ላይ ሥልጣን የነበራቸው የየጁው ራስ ጉግሣ ነበሩ። ራስ ጉግሣና ራስ ወልደ ሥላሴ እንደ ሁለት ተጫዋቾች ፊት ለፊት ተፋጠው ብዙ ዓመት ኖሩ። በመካከላቸው የነበሩት ነገሥታት እንዴት እንደ ተንገላቱ ለማወቅ የዐፄ ተክለ ጊዮርጊስን ታሪክ ማየት ይበቃል። እኒህ ንጉሥ ስድስት ጊዜ ነግሠው ስድስት ጊዜ ከዙፋን ወርደዋል፤ ስለዚህም ፍጻሜ መንግሥት ተባሉ። በሰንጠረዥ ላይም ነገሩ እንደዚሁ ነው። ንጉሡ ከሁሉ የከበረ ጠጠር ነው፤ ጦርነቱ ሁሉ ስለ እርሱ ነው፤ ነገር ግን የሚሄደው አንድ አንድ ቤት ብቻ ነው፤ የሚያንቀሳቅሰውም የሌላ ሰው እጅ ነው።

በ1805 ዓ.ም. ሶልት ወደ ሕንጣሎ መጥቶ ከራስ ወልደ ሥላሴ ጋር ተገናኘ። ራስ ከመኳንንቶቻቸው ጋር ሰንጠረዥ ሲጫወቱም አየ። ያየውንም በዝርዝር ጽፎ ስላስቀመጠልን ምስጋና ይገባዋል። ጠጠሮቹ ከዝሆን ጥርስ የተሠሩ፣ ትልልቅና ሻካራ ነበሩ። አንዱ የሌላውን ጠጠር ሲበላ በቀስታ አያነሣውም፤ በኃይል መትቶ ከቦታው ያስወነጭፈዋል። ጨዋታው በጸጥታ የሚደረግ አልነበረም። በዙሪያው የተሰበሰበው ሰው ሁሉ፣ አሽከርና ባሪያ ሳይቀር፣ እንዲህ ይሁን እንዲያ ይሁን እያለ ይጮኻል፤ ምክሩ ያልተሰማለት ሰውም እጁን ሰዶ ጠጠሩን ራሱ ያነሣል። በመጨረሻ ግን ሶልት አንድ ነገር አስተዋለ። ይህ ሁሉ ጫጫታ ካለፈ በኋላ ሁልጊዜ የሚያሸንፉት ራስ ናቸው፤ ተጫዋቾቹ እንዲያሸንፉ አድርገው ይለቁላቸዋል።

ይህን ነገር ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። አስቀድሞ ግን ጨዋታው ከወዴት እንደ መጣና ሕጉ ምን እንደ ነበረ መናገር ይገባል፤ ሕጉን ያላወቀ ጨዋታውን ሊፈርድ አይችልምና።

ሰንጠረዥ የሚለው ስም ከሕንድ ተነሥቶ በፋርስና በዐረብ አገር ያለፈ ስም ነው። በሕንድ ቻቱራንጋ ይባል ነበር፤ ይህም አራት ክፍል ያለው ጦር ማለት ነው፤ እነርሱም ዝሆን፣ ሠረገላ፣ ፈረሰኛና እግረኛ ናቸው። ፋርሶችና ዐረቦች ሻትራንጅ አሉት። በኢትዮጵያም ዐፄ ልብነ ድንግል በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በቤተ መንግሥታቸው ከአንድ የቬኒስ ሰው ጋር ይጫወቱ እንደ ነበር ተጽፏል።

የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ሰሌዳ ብዙውን ጊዜ ቀይ ጨርቅ ሲሆን፣ በላዩ የተሰፉ ጥቍር ወይም ሰማያዊ መስመሮች 64 ቤቶች ይከፍሉበታል። እንደ ዛሬው ቼዝ ነጭና ጥቍር ቤት የለውም። ጠጠሮቹም ንጉሥ፣ ፈርዝ፣ ፊል፣ ፈረስ፣ ደርና መደቅ ይባላሉ። ፈርዝ የንጉሥ አማካሪ ነው፤ በዛሬው ቼዝ በንግሥቲቱ ቦታ ይቆማል፤ ነገር ግን ደካማ ነው፤ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ይሄዳል። ፊል ዝሆን ሲሆን በሰያፍ እየዘለለ ይሄዳል። ፈረስና ደር እንደ ዛሬው ናቸው። መደቅ እግረኛው ወታደር ነው፤ አንድ አንድ ቤት ወደ ፊት ብቻ ይራመዳል። ሶልት እንደ ጻፈው ከሆነ መደቅ የሰሌዳው ጫፍ ቢደርስም ሹመት አያገኝም።

በሌላ አገር የማይገኘው የአገራችን ሕግ ግን ወረራ የሚባለው ነው። በዛሬው ቼዝ አንዱ አንድ ጊዜ ይሄድና ሌላው ተራውን ይጠብቃል። በሰንጠረዥ ግን ጨዋታው ሲጀመር ተራ የሚባል ነገር የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ፣ እጃቸው የቻለውን ያህል፣ ጠጠሮቻቸውን ያሰልፋሉ። አንዱ የሌላውን አሰላለፍ እያየ የራሱን ይለውጣል፤ ያኛውም አይቶ መልሶ ይለውጣል። ይህ የሚቈየው የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ብቻ ነው። አንድ ጠጠር ከተበላ በኋላ ወረራው ያበቃል፤ ከዚያም በኋላ ሁሉም በተራ ይሆናል።

እኔ ይህን ሕግ ሳነብ የዘመነ መሳፍንት ጦርነት ሥዕል ሆኖ ታየኝ። ራስ ወልደ ሥላሴና ራስ ጉግሣም ብዙውን ጊዜያቸውን ያሳለፉት በመዋጋት ሳይሆን በመሰላለፍ ነው። አንዱ ነፍጥ ሲሰበስብ ሌላው ፈረሰኛ ያበዛል፤ አንዱ ባላባት ሲያባብል ሌላው ልጁን ይድርለታል። ደም ከመፍሰሱ በፊት ሁሉም ነገር ሊለወጥ፣ ሊመለስም ይችላል። አንድ ጊዜ ደም ከፈሰሰ በኋላ ግን ሁሉም በደም ተራ ይሄዳል። ይህን ሕግ የሠሩት ሰዎች ጦርነትን በቅርብ የሚያውቁ ሰዎች እንደ ነበሩ አልጠራጠርም።

ሌላም የሚያስደንቅ ሕግ አላቸው። በሰንጠረዥ ማሸነፍ ብቻውን አይበቃም፤ በምን እንዳሸነፉ ይጠየቃል። በደር ወይም በፈረስ ንጉሥን መያዝ እንደ ጥሩ ሙያ አይቈጠርም፤ ብርቱ በብርቱነቱ ቢያሸንፍ ምን ያስደንቃል ብለው ነው። በደካሞቹ ጠጠሮች፣ ይልቁንም በመደቅ የያዘ ሰው ግን ይመሰገናል። ሹመት የማያገኘው ድኻ ወታደር የጨዋታውን ክብር ይወስዳል ማለት ነው።

አሁን ወደ ራስ ወልደ ሥላሴ ልመለስ። ሶልት በ1805 ዓ.ም. ሲመለስ ናትናኤል ፒርስ የሚባል እንግሊዛዊ መርከበኛ በራስ ዘንድ ቀረ። ፒርስ አንደበቱን የማይገታ ሰው ነበረ። ራስ በሚገባ አልያዙኝም ብሎ ተቈጣና ጥሏቸው ሄደ። ጥቂት ጊዜ ቈይቶ የላስታና የየጁ ሰዎች በራስ ላይ ተባብረው እንደ ተነሡ ሰማ። በዚያን ጊዜ ከራስ ወዳጆች አንዳንዶቹ ከድተዋቸው ነበር። ፒርስ ግን ማንም ሳይጠራው ተመልሶ መጣና ከእርሳቸው ጋር ለመዋጋት ቆመ። ራስም በመኳንንቶቻቸው ፊት በጣታቸው እያመለከቱ፣ ይህ ባዕድ ሰው በሰላሙ ጊዜ ተቈጥቶ እንደ ሄደ፣ በመከራው ጊዜ ግን ወዳጆች ሲከዱ እርሱ እንደ መጣ ተናገሩ።

ክቡራን አንባብያን፣ እነዚህን ሁለት ታሪኮች ጐን ለጐን አድርገን እንመልከታቸው። በሰንጠረዡ ዙሪያ የነበሩት ሰዎች ለራስ ድልን በየቀኑ ይሰጧቸው ነበር፤ በጦርነት ቀን ግን ከመኳንንቱ የጠፉ ነበሩ። ፒርስ በሰላም ቀን ደስ የማያሰኝ ቃል ሰጣቸው፤ በጦርነት ቀን ግን ራሱን ሰጣቸው። ራስም ይህን ልዩነት ራሳቸው አይተው በአደባባይ መመስከራቸው ከ40 ውጊያዎቻቸው ይልቅ በእኔ ዘንድ ያስከብራቸዋል።

በ1809 ዓ.ም. ሶልት ሁለተኛ ጊዜ ተላከ። ከእንግሊዝ ንጉሥ ከጊዮርጊስ ሦስተኛ ለጐንደሩ ንጉሥ ለዐፄ እጓለ ጽዮን ደብዳቤና እጅ መንሻ ይዞ ነበር። ነገር ግን በራስ ወልደ ሥላሴና በራስ ጉግሣ መካከል ባለው ጠብ ምክንያት ወደ ጐንደር ለመዝለቅ አልቻለም። በ1810 ዓ.ም. ስጦታውን በጨለቆት ለራስ አስረከበ። ከስጦታዎቹም መካከል በቀለም የተሣለ የመስተዋት መስኮት፣ የእመቤታችን ሥዕልና የእብነ በረድ ጠረጴዛ ለጨለቆት ቤተ ክርስቲያን ተሰጡ። ለንጉሥ የመጣ ስጦታ በመስፍን እጅ መቅረቱ የዘመኑን ሥርዐት ከብዙ ቃል ይልቅ ያስረዳል።

ራስ ወልደ ሥላሴ በ1816 ዓ.ም. እጅግ ሸምግለው በሕንጣሎ ታመው ዐረፉ። ሩብ መቶ ዓመት ያህል ጸንቶ የቆመው አገዛዝ ከእርሳቸው ጋር ወደቀ። ፒርስ በዚያው ስለ ነበረ ከሞታቸው በኋላ የሆነውን ሽብር በዓይኑ አየ። መኳንንቱ እርስ በርሳቸው ተዋጉ፤ ወራሽ ነኝ የሚለው ሁሉ ተነሣ። ከብዙ ጠብ በኋላ የአጋሜው ደጃዝማች ሰባጋዲስ አሸንፈው ትግራይን ያዙ። እርሳቸውም ደግሞ በ1831 ዓ.ም. በደብረ ዓባይ ከየጁ ጦር ጋር ተዋግተው ተማረኩና ተገደሉ፤ የየጁው ራስ ማርዬም በዚያው ውጊያ ሞቱ። ሁለት ታላላቅ ጠጠሮች በአንድ ውጊያ ከሰሌዳው ተነሡ፤ ሰሌዳውን የሞላው ግን የመደቆች፣ ማለት የገበሬ ልጆች ሬሳ ነበር።

ራስ ወልደ ሥላሴ በሞቱ በ8ኛው ዓመት፣ በ1824 ዓ.ም.፣ በጀርመን አገር በፕሩስያ ራይስቪትስ የሚባል ወጣት የጦር መኰንን አባቱ የጀመረውን አንድ ጨዋታ አሻሽሎ ለጦር አለቆቹ አቀረበ። ከእርሱ በፊትም በ1780 ዓ.ም. ሄልቪግ የሚባል የብራውንሽቫይግ መምህር የቼዝን ሰሌዳ ከ1,600 በላይ ቤቶች እንዲኖሩት አድርጎ አስፍቶ፣ ተራራና ወንዝ ጨምሮበት ነበር። ራይስቪትስ ግን ቤቶቹን ትቶ በእውነተኛ ካርታ ላይ አጫወተ። ሦስት ነገሮችም አገባ። የመጀመሪያው ዛር ነው፤ በጦርነት ውስጥ ዕድል አለና። ሁለተኛው ተጫዋቹ የጠላቱን ጦር በሙሉ እንዳያይ መደረጉ ነው። ሦስተኛውና ዋናው ዳኛ ነው። ተጫዋቹ ትእዛዙን ለዳኛው ይሰጣል፤ የሚሆነውንና የማይሆነውን የሚነግረው ዳኛው ነው። ስለዚህ በሰሌዳው ፊት ጄኔራልም ይሁን ሻምበል እኩል ይሆናል።

ከዚህ ዓይነት ጨዋታ ብዙ ቅርንጫፎች ወጡ። በ1974 ዓ.ም. በአሜሪካ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ የተባለውን ጨዋታ አወጡ። በዚህ ጨዋታ ተጫዋቹ ጦር ሠራዊት አያዝም፤ የአንድ ሰውን ሚና ይይዛል እንጂ። አንዱ ጦረኛ፣ ሌላው ጠቢብ ይሆንና በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው በአንድነት ጉዞ ይሄዳሉ። ዳኛው ታሪኩን ያወራል፤ ዛር ይጣላል፤ የሚሳካም የማይሳካም አለ። ይህ ጨዋታ ከእኛ ሰንጠረዥ ተወለደ ማለቴ አይደለም። ነገር ግን በቅድመ አያታቸው በቻቱራንጋ በኩል ዘመዳሞች ናቸው። በራስ ወልደ ሥላሴ ዙሪያ ሁሉም እየጮኸ በአንድነት ሲጫወት የነበረውን ሕዝብ ሳስብ ከዛሬው ቼዝ ጸጥታ ይልቅ ይህን አዲስ ጨዋታ ይመስለኛል። አንድ ነገር ብቻ ይጐድለው ነበር፤ ይኸውም ለማንም የማያዳላ ዳኛ ነው።

የራስ ወልደ ሥላሴ ሕይወት የሚያስተምረኝም ይህንኑ ነው። ሰንጠረዥ የጠቢባን ሥራ ነበር። ከደም በፊት ያለው ጊዜ ምን ያህል ውድ እንደ ሆነ በወረራ ያስተምራል፤ ደካማውን ማክበር በመደቅ ያስተምራል። ነገር ግን የሕጉ ጥበብ ሁሉ የሚጠቅመው ተጫዋቹ መሸነፍ የሚችል ሲሆን ነው። ሁልጊዜ የሚለቁለት ሰው ሰሌዳውን እንጂ ጨዋታውን አያውቀውም። በሜዳ ላይ ሁለት ጦር በአንድ ጊዜ የያዙት ጀግና ድልን በስጦታ መቀበል አያስፈልጋቸውም ነበር። ይህን ያደረጓቸው አክባሪዎቻቸው ናቸው፤ እኔ ግን ይህን ማክበር አልለውም።

በከተማችን በነቀምቴ፣ በጨለለቂም ሆነ በሌላው ሠፈር፣ ጐልማሶች በጥላ ሥር በጠርሙስ ቆርኪ ዳማ ሲጫወቱ ተመልካቹ ሁሉ ሲጮኽና ሲመክር እንሰማለን። ሶልት ያየው ጫጫታ ገና አልጠፋም። የሚያስደስተው ግን በቆርኪው ፊት ባለሀብቱም የቀን ሠራተኛውም እኩል መበላቱ ነው። ይህን እኩልነት ከዳማው ሰሌዳ አውጥተን ወደ ክፍላችን፣ ወደ ስብሰባችንና ወደ ቤታችን ብናስገባው ምን ያህል እንጠቀም ነበር።

የምለውን በተሳሳተ መንገድ እንዳትወስዱብኝ ወላጆቻችንንና መምህሮቻችንን እለምናለሁ። ታላቅን ማክበር የአገራችን ውበት ነው፤ እኔም እንዲቀር አልሻም። ነገር ግን አክብሮትና ማታለል አንድ አይደሉም። ልጅ አባቱን፣ ተማሪም መምህሩን በትሕትና ቆሞ እዚህ ላይ ሳይሳሳቱ አይቀሩም ቢል፣ ልክ እንደ ፒርስ በመከራ ቀን የሚገኝ ልጅ ይሆናል። ሁሉን እሺ ጌታዬ እያለ የሚያሳልፈው ግን የሚወደው ሰው ሳይሆን ሰላሙን ነው። የክፍል ጓደኞቼም ይህን እንድታስቡልኝ እሻለሁ። ከመካከላችን ነገ አለቃ፣ ዳኛ፣ ሐኪም ወይም የጦር መኰንን የሚሆን ሳይኖር አይቀርም። ያን ጊዜ በዙሪያችን የሚሰበሰቡት ሰዎች ድልን በስጦታ ሊያቀርቡልን ይመጣሉ። የሰጡንን ድል መልሰን፣ ተጫወቱ፣ አትልቀቁልኝ ማለት የሚችል ልብ እንዲኖረን ከአሁኑ እንለማመድ።

ጦርነትን በወሬ ብቻ ሳይሆን በቅርብ የምናውቅ ትውልድ ነንና የወረራን ሕግ አንርሳ። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ እጅ ሁሉ ነጻ ነው፤ ያሰለፉትን መመለስ፣ የዘጉትን መክፈት ይቻላል። በዚያ ሰዓት ለጌታው እውነቱን የሚነግር አንድ ሰው ከሺህ ነፍጠኛ ይበልጣል። ራስ ወልደ ሥላሴ ይህን ሰው በመከራቸው ቀን አውቀውታል፤ እኛ ግን በሰላማችን ቀን ብናውቀው ይሻለናል።